ብጣሹ አይጣል

ጨርቄን ማቄን ሳይል ከአገሩ የወጣ ሰው እንኳ ሻንጣው ቢፈተሽ አንድ ነጠላ ወይም አንድ ጋቢ አይታጣም። እናት በጥድፊያ አጣጥፋ ያስገባችው፣ ወይም እኅት ከትከሻዋ አውርዳ የሰጠችው ይሆናል። ዓመታት ሲያልፉ ያ ጨርቅ ያረጃል፤ መሐሉ ይሳሳል፣ ጥለቱ ይተረተራል። አንዱ ቤት የሶፋ ልብስ ይሆናል፤ ሌላው ቤት በፌስታል ታስሮ ከቁም ሣጥን ላይ ይከርማል። በመጨረሻም ቤት ሲለቀቅ ከማይፈለገው ዕቃ ጋር ተያይዞ ይወጣል። ሆኖም የባለቤቱ እጅ ከመጣሉ በፊት ጥቂት ያመነታል።

ያ ማመንታት ልክ ነው። ከአሮጌ ነጠላ ጥግ መዳፍ የምታህል ልብ ተሰፍታ ትወጣለች። ልብስ ሰፊ ከሚጥለው ቁርጥራጭም እንዲሁ። ከአንድ ጨርቅ ሁለት ልቦች ከተሰፉ ደግሞ፣ አንዷ ሆስፒታል በተኛው ሰው እጅ፣ ሌላዋ አጠገቡ ሊሆን ባልቻለው ዘመዱ ዘንድ ልትቀመጥ ትችላለች። ለአንዳንዱ ሰው ይህ የልጆች ጨዋታ ይመስለዋል። ነገር ግን ኑሮው ከመለያየት ጋር ለሆነ ስደተኛ ኅብረተሰብ ከሚታሰበው በላይ ስለሚጠቅም፣ ዕድሮች፣ ማኅበራትና የሴቶች ስብስቦች እንደ ቁም ነገር ሊይዙት የሚገባ ሥራ ነው።

ብጣሽ ጨርቅ ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል ለማየት ከለንደን ታሪክ አንድ ምሳሌ መጥቀስ ይበቃል። ቶማስ ኮራም የተባለ የመርከብ ካፒቴን ብዙ ዓመት ደክሞበት እ.ኤ.አ. በ1739 የተቋቋመ የሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። በ1741 በሩን ከፍቶ ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ ጨቅላዎችን መቀበል ጀመረ። ሕፃኑ እንደገባ አዲስ ስም ይወጣለታል። እናት አንድ ቀን ልጄን ብላ ብትመጣ መለያ እንዲሆን፣ ከልጁ ልብስ የተቆረጠ ወይም እናቲቱ ያመጣችው ቁራጭ ጨርቅ ከመመዝገቢያው ወረቀት ጋር በስፒል ይያያዝ ነበር። ከእነዚህ ቁራጮች አምስት ሺህ ያህሉ እስከ ዛሬ ድረስ ለንደን ውስጥ ተጠብቀው ይገኛሉ። በልብ ቅርጽ የተቆረጡም አሉባቸው።

ከሁሉ የሚነካው የአንዲት ሣራ ቤንደር የተባለች እናት ታሪክ ነው። በ1767 ቻርልስ የተባለ ወንድ ልጇ ማሳደጊያው ሲገባ፣ ከልዩ ልዩ ብጣሽ ተቀጣጥሎ የተሰፋና ልብ የተጠለፈበት ጨርቅ ለሁለት ተቆርጦ ግማሹ ከወረቀቱ ጋር ተያያዘ። ልቡም አብሮ ለሁለት ተቆረጠ። ስምንት ዓመት አለፈ። በ1775 እናቲቱ ተመልሳ መጥታ ልጇን ወሰደች። ይህን ዕድል ያገኙት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከ1741 እስከ 1760 ድረስ ማሳደጊያው ከተቀበላቸው 16,282 ሕፃናት መካከል በወላጅ የተወሰዱት 152 ብቻ ነበሩ። ለቀሩት እናቶች፣ እናት መሆናቸውን የሚመሰክረው ከወረቀቱ ጋር የቀረው ጨርቅ ነው።

ይህ ታሪክ ለሐበሻ ስደተኛ እንግዳ አይደለም። ልጁን ለአያት አደራ ብሎ ወጥቶ፣ ወረቀቱ እስኪስተካከል ዓመታት የቆጠረ ወላጅ በየከተማው አለ። የሰው ልጅ እያሳደጉ የራሳቸውን ልጅ በስልክ የሚያሳድጉ እኅቶች በቤይሩትም፣ በሪያድም፣ በዱባይም አሉ። የተለየውን ሰው በጨርቁ ማሰብም ከጥንት ያለ ነገር ነው። በአገር ቤት ለቅሶ የሟችን ልብስ ይዘው የሚያለቅሱ ነበሩ። ልጇ የራቀባት እናትም እርሱ ይለብሰው የነበረውን ጋቢ ደርባ ትተኛለች፤ ለምን ተብላ ብትጠየቅ ምክንያቱን ለማስረዳት አትጨነቅም።

የጥንቱ ነገር በቅርቡ ዘመን እንደገና ታየ። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ሆስፒታሎች ለጠያቂ በራቸውን ዘጉ። በብሪታንያ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠራተኞች፣ የሚሰፋም ሆነ ሹራብ የሚሠራ ሰው ሁለት ሁለት ልብ እያደረገ እንዲልክላቸው ተማጸኑ። አንዷን ከበሽተኛው ጋር ያስቀምጣሉ፤ መንትያዋን ለቤተሰቡ ይልካሉ። በሽተኛው ካረፈ ልቧ አብራው ትሄዳለች፤ ቤተሰቡ ዘንድ የቀረችው መታሰቢያ ትሆናለች። ጨርቋ ማንንም አላዳነችም። የታመመው ሰው ብቻውን እንዳልነበረ ግን ለቤተሰቡ ነግራለች።

በዚያ ዓመት ብዙ ወገን በስደት አገር ለቅሶ የደረሰው በስልክ እንደነበር የሚረሳ የለም። ሬሳ ያልተሸኘበት፣ ዘመድ ያልተቃቀፈበት ጊዜ ነበር። ያ ቀን አለፈ ተብሎ ነገሩ ሊተው አይገባም። ወረርሽኝ ባይኖርም በባዕድ አገር ብቻውን ሆስፒታል የሚተኛ ወገን ዛሬም አለ። ልጁ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ወንድሙ ሌላ ስቴት ነው፤ ሚስቱ ቪዛ እየጠበቀች አዲስ አበባ ናት። ጎረቤት ምግብ ያደርስለታል፤ ማኅበሩም ገንዘብ ያዋጣለታል። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ሌሊት ሲነቃ የሚጨብጠው ነገር ግን የለውም።

ሌላው ቦታ የሕፃናት ክፍል ነው። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ማሞቂያ ውስጥ ይቆያል። እናት ባዶ እጇን ወደ ቤት ትመለሳለች። ይህን የቀመሰ ያውቀዋል። በብዙ ሆስፒታሎች ለእንዲህ ያለችው እናት ሁለት ትንንሽ የጨርቅ ልቦች ይሰጣሉ። አንዷን ጉያዋ ውስጥ አድርጋ ታድራለች፤ ሌላዋ ሕፃኑ ዘንድ ትሆናለች። በማግሥቱ ይለዋወጣሉ። ሕፃኑ የእናቱን ጠረን፣ እናትም የልጇን ጠረን ታገኛለች። ነገሩ ከንቱ ስሜት አይደለም። በ1975 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት፣ ገና ቀናት ያስቆጠሩ ሕፃናት ከሌላ ሴት ይልቅ የገዛ እናታቸው የጡት ጨርቅ ወዳለበት ፊታቸውን እንደሚያዞሩ አሳይቷል። ልጇን በነጠላ ሸፍና ያሳደገች እናት ደግሞ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋትም።

ለጡት ካንሰር ታካሚዎችም ተለቅ ያለ የልብ ቅርጽ ያለው ትራስ አለ። በአሜሪካ ተጀምሮ ወደ ዴንማርክና ወደ ሌሎች አገሮች የተሻገረ ልማድ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብብት ሥር ሲደረግ ክንዱ ቁስሉን እንዳይጫነው ይከላከላል፤ መኪና ውስጥ ሲገቡም የወንበሩን ቀበቶ ጫና ያበርዳል። ቅርጹ ለጌጥ ብቻ የተመረጠ አለመሆኑ ከዚህ ይታያል። የልቡ መክፈቻ ብብት ውስጥ ልክ ይገባል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ማን ይስፋው? ሰፊዎቹ አሉ። በየአፓርትመንቱ ከጧት እስከ ማታ ብቻቸውን የሚውሉ እናቶች ናቸው። ልጅ ወልዳለች፣ ይምጡልን ተብለው ከአገር ቤት መጡ። የልጅ ልጆቹ አድገው ትምህርት ቤት ሲገቡ ቤቱ ጭር አለ። ቋንቋው አይገባቸውም፤ መኪና አይነዱም፤ ውጪው ይበርዳል። እነዚህ እናቶች በእንዝርት ፈትለው፣ ሰፌድና መሶብ ሰፍተው፣ የትራስ ልብስ ጠልፈው የኖሩ ናቸው። በዚህ አገር ያን እጅ የሚጠይቀው ሰው ጠፋ። «አርፈው ይቀመጡ እማማ፣ ደክመዋል» እየተባሉ፣ ዕረፍቱ ራሱ ድካም ሆነባቸው። ሰው የሚያረጀው ጉልበቱ ሲያልቅ ብቻ አይደለም፤ የሚፈልገው ሲያጣም ነው።

እነዚህ እናቶች በወር አንድ ቅዳሜ በአንድ ቤት ቡና ተፈልቶላቸው ቢሰበሰቡ፣ ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ በርካታ ልብ ይሰፋል። አጠገባቸው ልጆች ቢቀመጡ ደግሞ ሌላ ጥቅም ይገኛል። አያትና የልጅ ልጅ የጋራ ቋንቋ አጥተው በፈገግታ ብቻ የሚተያዩበት ቤት ብዙ ነው። መርፌና ክር ብዙ ቃል አይጠይቅም። «ያዝ፣ ሳብ፣ ቀስ፣ ቋጥር» የሚሉትን ሲሰማ የዋለ ልጅ፣ ከመጽሐፍ ካጠናው ይልቅ እነዚህን ቃላት አይረሳቸውም።

ተቃውሞ መኖሩ አይቀርም። አንደኛው «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ነው። እርግጥ ነው፣ በአማርኛ ፍቅርና ኀዘን ሆድና አንጀት ውስጥ ነው የሚያድሩት። አንጀት ይበላል፣ ሆድ ይባባል። ልብ ግን የማስተዋል ቦታ ነው። ልብ በል ይባላል፤ ሽማግሌም ሲመርቅ ልቦና ይስጥህ ይላል። እንግዲያው ለታመመ ሰው ልብ መስጠት፣ «ልብ ብለንሃል፣ አልረሳንህም» ማለት ከሆነ፣ ቅርጹ ከየትም ይምጣ መልእክቱ ባዕድ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ከጨርቅ ይልቅ ገንዘብ ይሻላል» የሚል ነው። የቤት ኪራይ በጨርቅ አይከፈልምና ይህ እውነት አለው። ነገር ግን ጨርቁ የገንዘቡን ቦታ አይሻማም። ችግሩ፣ በስደት አገር ስጦታ ሁሉ ወደ ፖስታ መለወጡ ነው። ሠርግ ፖስታ፣ ክርስትና ፖስታ፣ ለቅሶም ፖስታ ሆነ። ፖስታ የሚሰጥ ሰው ገብቶ ይወጣል፤ ልብ የሰፋ ሰው ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ያን በሽተኛ እያሰበ ተቀምጧል። ተቀባዩ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ሦስተኛው ሥጋት ከሁሉ የከፋ ነው። ነገሩ እንደተለመደው ሊቀመንበርና ምክትል ሊቀመንበር ተመርጦለት፣ በመተዳደሪያ ደንብ ላይ ተጣልተውበት እንዳይፈርስ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለመርፌ ሊቀመንበር አያስፈልጋትም። ገንዘብ ካልተሰበሰበበት የሚያጣላ ነገር የለም። ጨርቁ የሚጣል፣ ክሩ ርካሽ፣ ቡናው ከቤት ነው።

አሠራሩም ከባድ አይደለም። ወረቀት ለሁለት አጥፎ ግማሽ ልብ ሲቆርጡ፣ ሲዘረጋ ሁለቱ ጎን እኩል ይሆናል። ጨርቁ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ በደንብ ይታጠብ። ሁለቱን ቁራጮች ፊታቸውን አገናኝቶ ጠርዝ ጠርዙን መስፋት፣ ሁለት ጣት የምታስገባ ክፍተት መተው፣ ከላይ ልቡ የሚገባበትን ማዕዘን በመቀስ ነካ ማድረግ፣ ከዚያ መገልበጥ ነው። ጥጥ ወይም ንጹሕ ቁርጥራጭ ሞልቶ ክፍተቱን መድፈን ይቻላል። ሳስቶ ያረጀ ነጠላ ቢደረብ ይጠነክራል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ለሕፃናት ሲሆን ነው። ለጨቅላ የሚሰጠው ልብ ምንም ሳይሞላበት ስስ ሆኖ ይሰፋ። ቁልፍ፣ ዶቃና ጥብጣብ ፈጽሞ አይደረግበት፤ ወርቀ ዘቦ ያለበት ጥለትም ቆዳውን ይሻክረዋልና ይቅር። ሕፃኑ ዘንድ የሚቀመጥበትን ጊዜና ቦታ የምትወስነው ነርሷ ናት። ልጁ ወደ ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ በሚተኛበት አልጋ ውስጥ ጨርቅም ሆነ አሻንጉሊት መተው አደገኛ ነው፤ ልቧ መሳቢያ ውስጥ ትቀመጥ። ከሁሉ በፊትም ወደ ሆስፒታሉ ደውሎ ይቀበሉ እንደሆነ፣ በምን መጠንና በምን አስተሻሸግ እንደሚፈልጉ መጠየቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱ ደንብ አለውና። በየሆስፒታሉ ሐበሻ ነርስና አስተናጋጅ የማይጠፋ ስለሆነ፣ መንገዱን የሚያሳይ ወገን ይገኛል።

ለሐበሻ ሕሙማን ብቻ ይሁን ማለትም አይደለም። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ስፓኒሹ ሁሉ ይታመማል። ማሞቂያ ውስጥ ያለ የማያውቁት ሰው ልጅ አጠገብ ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያላት ልብ ብትቀመጥ፣ ያቺ እናት ከየት መጣች ብላ መጠየቋ አይቀርም። ስለ ኢትዮጵያ የምትሰማው የመጀመሪያ ነገር ይህ ቢሆን ምንም አይከፋም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ሥራው ሲከፋፈል ማንንም አይከብድም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ ቤት፣ አንድ ጀበና፣ ጥቂት መርፌና ከቁም ሣጥን ላይ የምትወርድ አንዲት ፌስታል ናት። እማማንም «አርፈው ይቀመጡ» ከማለት ይልቅ «እስኪ ይህን ያሳዩን» ብሎ መጠየቅ ነው።