ስለ አንድ የልደት ካርድ

በቅርቡ በቤታችን የሆነውን አንድ ነገር ብናጫውታችሁ፥ ልጅ ለሚያሳድጉ ሁሉ ጥቂት ጥቅም ሳይገኝበት አይቀርም ብለን እናምናለን።

በሮማ የሚኖር ዘመዳችን ልጃችን ዐሥር ዓመት ሲሞላው የልደት ካርድ ልኮለት ነበር። በካርዱ ላይ ያለው ሥዕል እግዚአብሔር አብ በመላእክት ታጅቦ እጁን ወደ አዳም ሲዘረጋ የሚያሳየው፥ ዝነኛው ሚኬላንጄሎ የሣለው ነው። ነገር ግን ካርዱን ያዘጋጁት ሰዎች በሁለቱ ጣቶች መካከል ሻማ የበራበት ቁራሽ ኬክ ጨምረውበታል፤ ከግርጌውም ሠዓሊውን ራሱን ቀለም በተረጨ ልብስ አቁመው «መልካም ልደት» አሰኝተውታል።

እናታችን ዐይናቸው ደክሟልና ያዩት ኬኩን ሳይሆን ሽበታሙን ሽማግሌ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥላሴ በሦስት አረጋውያን አምሳል ሲሣሉ ኖረዋልና፥ እናታችንም ወዲያው ዐውቀው ካርዱን ተሳለሙት። ልጁም «እማማ ኬክ ሳሙ!» ብሎ ሣቀ። እርሳቸው ካርዱን ቀረብ አድርገው ተመለከቱትና ምንም ሳይናገሩ አስቀመጡት። እኛም እጅግ ተቈጥተን ካርዱን ነጠቅን፤ ልጁንም ከገበታ አስነሣነው።

ማታ ካርዱን ከእሳት ልንጨምረው ስንል ልጁ መጥቶ «አባባ፥ ይህን ሥዕል የሣለው ሰው ክፉ ነበር እንዴ?» ሲል ጠየቀን። ስንት ዘመን በመምህርነት የኖርን ሰዎች ከስሙ በቀር የምንመልሰው ስላልነበረን አፈርን። ስለዚህ በማግሥቱ መጽሐፍ ፈልገን አብረን አነበብን።

ሚኬላንጄሎ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1475 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር ተወለደ። ራሱን የሚቈጥረው እንደ ቀራጺ እንጂ እንደ ሠዓሊ አልነበረም፤ ሆኖም የሮማው ፓፓ ዳግማዊ ዩልዮስ በቫቲካን የሚገኘውን የሲስቲና ጸሎት ቤት ጣራ እንዲሥል ስላዘዘው፥ ከ1508 እስከ 1512 ድረስ ደከመበት። ጣራው ከወለሉ 20 ሜትር ያህል ይርቃል። ብዙ ሰዎች በጀርባው ተንጋሎ የሣለ ይመስላቸዋል፤ እርሱ ግን በመወጣጫ ላይ ቆሞ፥ አንገቱን ወደ ላይ ቀልብሶ፥ ቀለሙ በፊቱ ላይ እየተንጠባጠበ ነበር የሠራው፤ ሥቃዩንም ለወዳጁ በጻፈው ግጥም ገልጦታል። የእኛ ሠዓልያን ብዙ ጊዜ በግድግዳ ላይ በሚለጠፍ ሸራ ላይ ሲሥሉ፥ እርሱ የሣለው በእርጥብ የኖራ ልስን ላይ ነበርና፥ የዕለቱ ልስን ሳይደርቅ የዕለቱን ሥራ መፈጸም ነበረበት። እንዲህ አድርጎ ከኦሪት ዘፍጥረት ዘጠኝ ታሪኮችን ሣለ። በ1564 በ88 ዓመቱ ሲሞት እንኳ፥ ጥቂት ቀናት እስኪቀሩት ድረስ እመቤታችን የልጇን ሥጋ ደግፋ የምትታይበትን እብነ በረድ ይቀርጽ ነበር።

ይህን ካነበብን በኋላ ልጁ «ኦሪት እግዚአብሔር እስትንፋስ ሰጠው ይላል፤ ይህ ሰው ለምን በጣት አደረገው?» አለን። እኛም በአውራ ጣታችን ኬኩን ሸፈንንና፥ በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለውን ጥቂት ክፍተት እንዲያስብ ነገርነው፤ ሠዓሊው ጣቶቹን አላነካካቸውምና። ልጁም ጥቂት ተመልክቶ «እግዚአብሔር ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቷል፤ አዳም ግን እንደ ሰነፍ ተጋድሞ እጁን እንኳ አላቀናም» አለ። እኛ ሥዕሉን ስንት ጊዜ አይተን ይህን አላስተዋልንም ነበር።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳያዝዘው ወደ አያቱ ሄዶ ይቅርታ ለመነ፤ ያነበበውንም ሁሉ ነገራቸው። እናታችንም «እኔስ የተሳለምሁት ኬኩን መች ሆነና!» ብለው ግንባሩን ሳሙት።

የተቀደሰ ነገር መሣቂያ ሲሆን እኛን ደስ አያሰኘንም፤ ካርዱም ዛሬ የሚገኘው ከሥዕለ አድኅኖው አጠገብ ሳይሆን በልጁ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ነገር ግን በዚያች ማታ አቃጥለነው ቢሆን ኖሮ፥ ልጃችን ከእኛ የሚማረው ቍጣችንን ብቻ ነበር። እናንተም ወላጆች እንዲህ ያለ ነገር ወደ ቤታችሁ ሲገባ፥ ከመቅደዳችሁ በፊት ከልጃችሁ ጋራ ተቀምጣችሁ ከቀልዱ ሥር ያለውን ሥራ ተመልከቱ።