ስለ መንጋጋ መገጣጠሚያና ስለ ሥዕሉ

ከየጥኖራ እስከ ቢቸናና እስከ ሞጣ ድረስ የሰው መንጋጋ ሥራ አይፈታም። ገበሬው ቆሎውን ይቆረጥምበታል፤ የዲማ ጊዮርጊስ ተማሪም ቅኔውን ይቆጥርበታል። እንግዲህ ይህ የማያርፍ አካል አንድ ቀን በማዛጋት ወልቆ አልገጥም ያለ እንደ ሆነ፥ ወይም አፍ በተከፈተ ቍጥር ቀጭ እያለ ያመመ እንደ ሆነ፥ ቤተ ሰቡ ወደ ወጌሻ ይሂድ ወይስ ወደ ራጅ? ስለዚህ ነገር ለአንባቢዎቻችን ጥቂት እንጽፋለን።

መንጋጋ የተንጠለጠለው ከጆሮ ፊት በግራና በቀኝ ባሉት ሁለት መገጣጠሚያዎች ላይ ነው። ክርን እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል እንጂ ከስፍራው አይለቅም፤ የመንጋጋ ራስ ግን በመጀመሪያ ይዞራል፥ አፍ ሲሰፋ ደግሞ ከጕድጓዱ ወጥቶ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ዐጥንት ከዐጥንት እንዳይፋጭም በመካከሉ እንደ ትራስ የሆነ ስስ ነገር አለ። ይህ ትራስ ወደ ፊት ሾልኮ ከቆየ፥ አፍ ሲከፈት ወደ ስፍራው ሲመለስ ቀጭ የሚለው ድምፅ ይሰማል። ሕመሙ ያለው በእንቅስቃሴው ውስጥ ነውና፥ አፍ ተዘግቶ ብቻ የተነሣ ሥዕል ብዙ ነገር ይሰውራል።

«ራጅ» የሚለውን ቃል የወሰድነው ከኢጣልያኖች ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ዊልሄልም ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው በ1888 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ ይኸውም በዐድዋው ዓመት ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት በናፖሊ የጦር ሐኪም ቤት ሌተና ኮሎኔል ጁዜፔ አልቫሮ ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱትን የሁለት ወታደሮች ክንድ በጨረሩ መርምሮ ጥይቱ ያለበትን ስፍራ ፈለገ። ራጅ ለጦር ቍስለኛ መዋል የጀመረው በአባቶቻችን ጥይት ምክንያት መሆኑን ስናስብ ይደንቀናል።

ዳሩ ግን ራጅ ዐጥንቱን እንጂ ትራሱን አያሳይም። ስለዚህ ሐኪሞች አንድ ጊዜ አፍን አስዘግተው፥ አንድ ጊዜም አስከፍተው እያነሡ የዐጥንቱን ራስ አካሄድ ያመዛዝናሉ። ትራሱ በግልጥ የታየው ኤም.አር.አይ. የሚባለው በመግነጢስ ኃይል የሚሠራ መሣሪያ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ለመንጋጋ ከዋለ ወዲህ ነው። እርሱም እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለበትም፤ አፍ ጥቂት በጥቂት ሲከፈት ተከታታይ ሥዕል እያነሣ እንቅስቃሴውን ያሳያል። ነገር ግን ዋጋው ከባድ ነው፥ መሣሪያውም በየወረዳው አይገኝም። በእኛ አስተያየት ሕመም ሳይኖርበት ቀጭ ለሚል መንጋጋ ከሞጣ ተነሥቶ ወደ ትልቅ ከተማ መገስገስ አያሻም። በሽተኛው የራሱን ሦስት ጣቶች አቁሞ በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሱ መካከል ማግባት ያቃተው እንደ ሆነ ግን ለሐኪም ይታይ።

ወጌሻንም አንንቅም፤ የወለቀን መንጋጋ በእጅ መመለስ ከግሪካዊው ከሂፖክራጥስ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ጥበብ ነው። ሆኖም ሰውዬው ከበቅሎ ወድቆ ወይም በዱላ ተመትቶ እንደ ሆነ ዐጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላልና፥ ራጅ ሳይነሣ ማንም እጁን አያሳርፍበት። በማዛጋት የወለቀውም «ነገ ይሻለዋል» ተብሎ ሲሰነብት መመለሱ እየከበደ ስለሚሄድ፥ በዚያው ቀን ወደ ቅርቡ ሐኪም ቤት ይወሰድ።