ሳንቲሞቻችንን ማን ያንብብልን?

አጎቴ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ብር ያነጥሩ ነበር። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስላቸው ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። ሰው ጠገራ ብር ይዞ ሲመጣ ወዲያው ሚዛን ላይ አያወጡትም። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን ይሰማሉ፤ ከዚያ በጥፍራቸው ጫፍ ሴትዮዋ ትከሻ ላይ ካለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራሉ።

«ምንድነው የሚቆጥሩት ጋሼ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ዘጠኝ መሆናቸውን ነዋ! በአባቴ ጊዜ ዕንቁው የጎደለ ብር ገበያ አይቀበለውም ነበር» አሉኝ።

ይህን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ሻይ ቤት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር የገጠምነው ክርክር ነው። ነገሩ የተነሳው ዓመተ ምሕረት በሌላ ዓመተ ምሕረት ላይ ስለተመታባቸው ብርቅዬ ሳንቲሞች ነው። የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. የ1942 የአሜሪካ አሥር ሳንቲም ነው። የመምቻው ብረት ሲዘጋጅ አንድ ጊዜ በ1941፣ ሁለተኛ ጊዜ በ1942 ቅርጽ ተመትቶ ከሁለቱ ስር የአንዱ ቅሪት ይታያል። ተራው ሳንቲም ርካሽ ሲሆን ይኼኛው በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ጥያቄው ታዲያ እንዲህ ያለውን ልዩነት ደረጃ ሰጪ ድርጅቶቹ ያውቁታል ወይ? ነው። አንዱ ጓደኛችን «እነሱ ካላወቁት የለም ማለት ነው» ብሎ ደመደመ። እኔ በዚህ አልስማማም።

እንደሚታወቀው ፒሲጂኤስ እና ኤንጂሲ የተባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲም ተቀብለው ይመረምራሉ፣ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ይሰጡታል፣ በፕላስቲክ አሽገው ይመልሳሉ። የተለየ ዓይነት መሆኑ በወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ የፈለገ ባለቤት በአብዛኛው ራሱ መጠየቅና ተጨማሪ መክፈል አለበት። ከሁሉ በላይ ግን ልዩነቱ እነሱ በሚቀበሉት መጽሐፍ ወይም ካታሎግ ላይ የሰፈረ መሆን ይኖርበታል። በዚህ አልወቅሳቸውም። የታየውን ጭረት ሁሉ «ብርቅዬ ነው» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ማን ያምናቸው ነበር? ነገር ግን ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ድርጅቱ የሚያውቀው አስቀድሞ ሰው ያየውንና የጻፈውን ነው። ያልተጻፈው የለም ማለት ሳይሆን አልተጻፈም ማለት ብቻ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። አብዛኛው ገንዘባችን ዓመቱ አይንቀሳቀስም። የጃንሆይ ዘመን ሳንቲሞች ለአሥርተ ዓመታት ሲመቱ ኖረው ዓመታቸው ፲፱፻፴፮ እንዳለ ነው። ሃያ አምስት ሳንቲሙ መጀመሪያ ክብ ነበር፤ ከሃምሳው ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ በኋላ ጠርዙ እንደ አበባ ተቆረጠ፤ ዓመቱ ግን ያው ነው። ጠገራ ብሩማ ከሁሉም ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ1935 ኢጣሊያ የመምቻውን ቅርጽ ከቪየና ወስዳ ሮም ላይ መምታት ጀመረች፤ በማግስቱ ዓመት ለንደን ተከተለች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቦምቤይ መታችው። ሁሉም ላይ ያለው ዓመት 1780 ነው። የኢጣሊያው ጠገራ ለወረራው፣ የእንግሊዙ ለንግድና ኋላም ለጦርነቱ ወጪ ያገለገለ ነው። የትኛው የየት እንደሆነ የሚለየው በንስሩ ላባ፣ በጌጡና በዕንቁው ነው። ዋልተር ሃፍነር የተባለ ተመራማሪ ይህን ሁሉ ለቅሞ ካታሎግ ስላዘጋጀ ነው ዛሬ ልዩነቱ ቁጥር ያለው።

ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ እዚያው የገዛችውን የታሸገ ጠገራ ፎቶ ልካልኝ ነበር። ወረቀቱ ላይ «ኦስትሪያ፣ 1780» ይላል፤ አለቀ። ስህተት የለበትም። ግን አጎቴ ቢያዩት ከዚህ የበለጠ ይሉ ነበር።

የምኒልክ ብር ላይስ? አንዳንዱ ላይ አንበሳው ግራ እግሩን፣ አንዳንዱ ላይ ቀኝ እግሩን አንስቷል፤ ፓሪስ የተመታው ትንሽ የላቲን «ኤ» ፊደል አለበት። ከዓመቶቹ መካከል ፲፰፻፹፯ እና ፲፰፻፹፱ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነው። እንበልና አንድ ቦታ ፱ በ፯ ላይ ተመትታ ብትገኝ ማን ቀድሞ ያያታል? የግዕዝ ቁጥር ለዓይኑ እንግዳ የሆነበት መርማሪ ጭረት ነው ብሎ ቢያልፋት አልፈርድበትም። እኛ ግን ከፊደል ገበታ ጀምሮ የምናውቃትን ቁጥር ብናልፋት ሰበብ የለንም።

«ለምን ልከን አናስመረምርም?» የሚል ይኖራል። አንደኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። ሁለተኛ፣ ብንልክስ መጽሐፍ ከሌለ ምን ሊጽፉልን ነው? እኔ የምለው፣ የትምህርት ክፍላችን አንድ መዝገብ ይክፈት። ሳንቲሙ ባለቤቱ ዘንድ ይቆይ፤ እኛ የሁለቱን ገጽ ፎቶ፣ ክብደቱን፣ የጠርዙን ሁኔታና ባለቤቱ ወይም አንጥረኛው የተናገረውን እንመዝግብ። አንድ ሚዛን፣ አንድ ካሜራና ትዕግሥት ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ብዙ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪውም ነጋዴውም ተበትኗል፤ የሚያውቁ ሽማግሌዎችን በየሄዱበት ፈልገን ማግኘት ያለብን እኛው ነን።

ይህን ስል ራሴንም እየወቀስኩ ነው። አጎቴ አርፈዋል። ስንቱ የሮም፣ ስንቱ የለንደን ጠገራ በእሳቸው እጅ ቀልጦ መስቀል እንደሆነ አላውቅም። ዕንቁ ሲቆጥሩ ዓመታት አጠገባቸው ተቀምጬ «ዘጠኝ ካልሆነስ ከየት የመጣ ነው?» ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። ቢነግሩኝ ኖሮ ዛሬ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የምጽፈው ነገር ይኖረኝ ነበር።