ፒንሳው ከምድጃው ጎን ምን ይሠራል?

ደነባ ከተማ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ካለበት ማድ ቤት ጎራ ስትሉ ከጭልፋውና ከማማሰያው ጎን ፒንሳ ብታዩ አትገረሙ። እኔ አይቻለሁ። «እማማ፣ ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» ብዬ ብጠይቅ፣ የቤቱ እመቤት «እሱ ከጠፋማ ልጄ፣ ወጡም የለ!» አሉኝ። የምድጃው ማዞሪያ ተሰብሮ ወድቋል። የቀረው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ቀጭን ዘንግ ነው፤ እሱንም ፒንሳው እየጋጠ ጠፍጣፋውን ጎን ሊያጠፋው ምንም አልቀረው። ነገ አዲስ ማዞሪያ ቢገዛለት እንኳ የሚይዝበት የለውም።

ማዞሪያ ደግሞ በአንድ ጀምበር አይሰበርም። ቀድሞ ይከብዳል። ሽሮው ይገነፍላል፣ ሻዩ ከነስኳሩ ይፈሳል፣ የቁሌቱ ዘይት ይፈናጠራል፤ ሁሉም በማዞሪያውና በቆርቆሮው መካከል ባለችው ክፍተት ሾልኮ ይገባና እዚያው ይደርቃል። የደነባ ብርድ ሲታከልበት ስቡ ይረጋል፤ ጠዋት አልላወስ ያለው ማዞሪያ ምድጃው ሲግል ይለቃል። እንዲህ ከሆነ በሽታው ቆሻሻ ነው፣ መድኃኒቱም ከቤት አይጠፋም። ሶኬቱን ንቀሉ፤ ምድጃው ይቀዝቅዝ፤ ማዞሪያውን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት። አብዛኛው ያለ ብሎን የተሰካ ስለሆነ ይወጣል። እንቢ ካለ በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፤ ቀጭን ጨርቅ ከጀርባው አዙራችሁ ሁለቱን ጫፍ እኩል ጎትቱ። ማዞሪያውን በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፉት፣ የዘንጉን ዙሪያ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉ። ሁሉም በቅጡ ሳይደርቅ መልሳችሁ እንዳትሰኩት።

የምግብ ዘይት ጠብ የሚያደርጉበት አሉ። ለጊዜው ያለሰልሰዋል፤ ውሎ አድሮ ግን ዘይቱ ራሱ በሙቀት ይጋገርና ከቀድሞው ይብሳል። ወደ ውስጥ ከወረደ ደግሞ የሚያርፈው የእሳት ብልጭታ የሚነሳበት ቦታ ላይ ነው።

ማዞሪያው ወጥቶ፣ ታጥቦም፣ ዘንጉ ራሱ ከከበደ ችግሩ ውስጥ ያለው ማብሪያ ነውና እሱ ይቀየር። የእንጀራ ምጣድማ ለሙከራ ጭራሽ አይመችም። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ሲሠራ 16 አምፔር ገደማ ያልፍበታል። የላላ ማያያዣ ካለ በዚህ ጉልበት ይግላል፤ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፤ ማብሪያውም አልዞር ይላል። የምጣድ ማብሪያ ሲከብዳችሁ እየቀለጠ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ባለሙያም ጥሩ።

እኔን አብልጦ የሚያሳስበኝ ግን መብራት የሄደ ጊዜ የሚሆነው ነው። ማዞሪያው በቦታው ያለ ምድጃ ሲጠፋ ፊቱ ላይ 0 ይነበባል። ፒንሳ የጋጠው ዘንግ ግን ይብራ ይጥፋ አይናገርም። መብራት ይሄዳል፤ ድስቱ ይወርዳል፤ ያላለቀው ወጥ ወደ ከሰል ይዛወራል፤ የቤቱ ሰው ይተኛል ወይም ገበያ ይወጣል። መብራቱ የሚመጣው ይሄኔ ነው። የጠፋ መስሎት ምድጃው ላይ የፕላስቲክ ሳህን የደረደረ ልጅ ካለማ የሚከተለውን አስቡት። ኪሳችንም አልዳነም፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ባለበት ዘመን፣ 2 ላይ መንተክተክ የሚበቃው ሽሮ ማዞሪያው አልመለስ ስላለ ብቻ 6 ላይ ይንፈቀፈቃል።

ይህን ሁሉ በእናቶች ስንፍና ማሳበብ ግፍ ነው። ነጋዴዎቻችን ምድጃውን ከነካርቶኑ ያመጡታል፤ ማዞሪያውን ለብቻው ስትጠይቋቸው ግን የለም። ደነባ ካጣችሁ ደብረ ብርሃን፣ እዚያም ካጣችሁ መርካቶ ፈልጉ ትባላላችሁ። ከኩበት ጭስ ገና የተገላገሉ እናት ለአንድ ፍሬ ፕላስቲክ መርካቶ ድረስ ይውረዱ? አይወርዱም፤ ፒንሳ ይገዛሉ። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።

ምድጃ የምትሸጡ ወገኖች፣ ከሚቀጥለው ጭነት ጋር ጥቂት ማዞሪያ ጨምራችሁ አምጡ። ገዢም ብሩን ከመቁጠሩ በፊት እያንዳንዱን ማዞሪያ ከ0 እስከ መጨረሻው ቁጥር አዙሮ ይሞክር። ፒንሳ ላይ የደረሰ ቤት ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሶኬቱን ይንቀል።