ለማንም የማይወግን መሪ እንዴት ይሠለጥናል?

በአንድ ከተማ ምክር ቤት አዳራሽ፣ በኋለኛው ረድፍ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች እንበል። በደረቷ ላይ የማኅበሯን ስም የያዘ ምልክት አድርጋለች፤ በእጇም ደብተርና እርሳስ ይዛለች። ምክር ቤቱ ስለ ውሃ ቧንቧ፣ ስለ ትምህርት ቤት ግብር፣ ስለ መንገድ መብራት ሲከራከር ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዲት ቃል ሳትናገር ትሰማለች። ስብሰባው በሰዓቱ መጀመሩን፣ ወረቀቱ ለሕዝብ መታደሉን፣ የምክር ቤቱ አባሎች ጉዳዩን አንብበው መምጣት አለመምጣታቸውን ትጽፋለች። ስብሰባው ሲያልቅ ደብተሯን አጥፋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ደመወዝ የላትም። አስተያየትሽን ስጪ ብትባል እንኳ በማኅበሯ ስም አትናገርም።

ይህች ሴት በአሜሪካ አገር «ሊግ ኦፍ ዊሜን ቮተርስ» የሚባለው የሴት መራጮች ማኅበር ታዛቢ ናት። ማኅበሩ ለአባሎቹ ከሚሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ ማየት። እንግዲህ መሪ ለመሆን የምትሠለጥን ሴት ትምህርቷን የምትጀምረው በመናገር ሳይሆን በመስማት ነው ማለት ነው። ዛሬ በዚህ ገጽ ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይም ከዚሁ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም ከማናቸውም የፖለቲካ ፓርቲ ጋር ሳይወግን ስለ ሕዝብ ጉዳይ የሚከራከር ማኅበር፣ በፈቃዳቸው ብቻ የሚያገለግሉትን አባሎቹን እንዴት አድርጎ ለመሪነት ያበቃቸዋል የሚለው ነው። ስለ አሜሪካው ማኅበር ስንናገር የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

በዘመናችን የመሪነት ሥልጠና የሚባለው ነገር እጅግ ተበራክቷል። በሆቴል አዳራሽ ሦስት ቀን ይሰበሰባሉ፤ ሻይ ይጠጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ይታደላል። እኛም ራሳችን ከአንድ ሁለት እንዲህ ካለ ስብሰባ ላይ ተቀምጠን ወረቀቱን ተቀብለናል፤ ዛሬ የት እንዳለ ብንጠየቅ ግን ለመመለስ እንቸገራለን። ይህን የምንለው ሥልጠናን ለመንቀፍ አይደለም፤ የመሪነት ትምህርት ከአዳራሹ ይልቅ በሥራው ውስጥ እንደሚገኝ ለማመልከት ነው እንጂ።

ማኅበሩ የተመሠረተው በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1920 በቺካጎ ከተማ ነው። ለሴቶች የመምረጥ መብት ለብዙ ዓመታት ሲታገል የቆየው ድርጅት ድሉ መቅረቡን ባየ ጊዜ፣ መሪዋ ኬሪ ቻፕማን ካት «መብቱ ሲገኝ ምን እናደርግበታለን?» የሚለውን ጥያቄ አነሡ። የመምረጥን መብት በመላው አገር ያጸናው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከስድስት ወር በኋላ በኦገስት ወር ጸደቀ፤ 20 ሚሊዮን ያህል ሴቶችም የድምፅ ባለ መብት ሆኑ። ለእነዚህ ሁሉ የድምፅ ወረቀት እንዴት እንደሚሞላ፣ ምክር ቤት ምን እንደሚሠራ፣ ግብር ወዴት እንደሚሄድ የሚያስተምር ሰው ያስፈልግ ነበር። ሚስስ ካት ሴቶቹን ከፓርቲ ራቁ አላሏቸውም፤ እንዲያውም ገብታችሁ ሥሩ ሲሉ መክረዋቸዋል። የማይወግነው ማኅበሩ ነው፤ አባሏ ግን የወደደችውን ፓርቲ ትደግፋለች። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሥልጠናው ሁሉ ቁልፍ ያለው በዚሁ ላይ ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የሆነው ነገር ይህን በግልጽ ያሳያል። ሚስተር ፍራንክሊን ሩዝቬልት ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ከተሸነፉ በኋላ፣ የኒው ዮርክ ግዛት የማኅበሩ ሊቀ መንበር የነበሩት ሚስስ ናርሲሳ ቫንደርሊፕ ወደ ባለቤታቸው ወደ ሚስስ ኤሌኖር ሩዝቬልት ቀርበው፣ በዋሽንግተን ስለሚወጡ ሕጎች የሚከታተለውን ኮሚቴ እንዲመሩላቸው ለመኑ። ሚስስ ሩዝቬልት እንዲህ ያለውን ሥራ እንደማያውቁት ተናግረው አመነቱ። ሊቀ መንበሯም ኤሊዛቤት ሪድ የተባሉ ጠበቃ እንደሚረዷቸው ቃል ገቡላቸው። ከዚያ በኋላ ሚስስ ሩዝቬልት በየሳምንቱ አንድ ጧት ወደ ጠበቃይቱ ቢሮ እየሄዱ የኮንግሬሱን የስብሰባ መዝገብ ማገላበጥ፣ ለማኅበሩ ከሚጠቅመው የሕግ ረቂቅ ላይ ምልክት ማድረግ፣ ያልገባቸውን መጠየቅ፣ በመጨረሻም በራሳቸው ቃል መግለጫ መጻፍ ጀመሩ። ከ28 ዓመት በኋላ በ1948 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሁሉ አቀፍ የሰብዓዊ መብቶችን መግለጫ ሲያጸድቅ፣ ረቂቁን ያዘጋጀውን ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት የመሩት እኚሁ ሴት ነበሩ።

ይህን ታሪክ ባሰብነው ቁጥር የሚገርመን የሚስስ ሩዝቬልት ችሎታ ብቻ አይደለም፤ የሚስስ ቫንደርሊፕ ብልኀት ጭምር ነው። ለማታውቀው ሥራ ሰው መረጡ፤ ከሥራው ጋር ግን አስተማሪ ሰጡ። ብዙ ጊዜ እኛ ዘንድ የሚደረገው ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ ሥራውን ያለ አስተማሪ ማሸከም፣ ወይ ትምህርቱን ያለ ሥራ መስጠት።

ፖለቲከኞቹ ግን ይህን አዲስ ነገር በደስታ አልተቀበሉትም። በ1921 የኒው ዮርክ አገረ ገዢ ናታን ሚለር በዚያው በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ተገኝተው፣ ከፓርቲዎች ውጭ ሆኖ በፖለቲካ ጉዳይ ግፊት የሚያደርግ እንዲህ ያለ ማኅበር ለአገሪቱ የመንግሥት ሥርዓት አደጋ ነው ሲሉ ፊት ለፊት ተናገሩ። እንግዳ ሆኖ ተጠርቶ ጋባዡን እንዲህ መዝለፍ ደፋርነት ሳይጠይቅ አይቀርም። ሐሳባቸው ግን የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ ወይ ከእኛ ነህ ወይ ከእነርሱ ነህ የሚለው አስተያየት በየአገሩ ያለ ነው።

ታዲያ ማኅበሩ ለዚህ ክስ ያበጀው መልስ ምንድን ነው? አሠራሩ ነው። ማኅበሩ አንድን እጩ ወይም አንድን ፓርቲ አይደግፍም፣ አይቃወምም፤ በጉዳይ ላይ ግን አቋም ይይዛል። በ1930ዎቹ ለምሳሌ የመንግሥት ሥራ በፓርቲ ውለታ ሳይሆን በችሎታ እንዲሰጥ ብሎ በመላው አገር ዘመቻ አድርጓል፤ ይህን ወጣት ሹማምንት ልብ ብለው እንዲያነቡት እንወዳለን። አቋም ከመያዙ በፊት ግን ረጅም መንገድ አለ። አባሎቹ በዓመታዊ ስብሰባቸው አንድ ጉዳይ ይመርጣሉ። የጥናት ኮሚቴ ይቋቋምና የሚደግፈውንም የሚቃወመውንም ማስረጃ ይሰበስባል። ከዚያም አባሎቹ ተሰብስበው በተዘጋጁ ጥያቄዎች ላይ ይነጋገራሉ፤ እጅ በማውጣት አይወስኑም፣ የጋራ ስምምነት እስኪገኝ ይወያያሉ እንጂ። ስምምነት ካልተገኘ አቋም የለም፤ አቋም ከሌለ ደግሞ በማኅበሩ ስም መናገር የለም። ይህ አንዳንድ ጊዜ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ይፈጃል።

ችኩል ሰው ይህን ሲሰማ ይሰለቻል። ነገር ግን የጥናት ኮሚቴ ሰብሳቢ የሆነችውን አባል አስቡ። ጉዳዩ ራሷ አጥብቃ የምታምንበት ሊሆን ይችላል፤ የተቃራኒውን ወገን ክርክር ግን ተቃራኒው ራሱ ቢሰማው «አዎን፣ እኔ የምለው ይህንኑ ነው» በሚልበት አኳኋን ማቅረብ አለባት። ይህን አንድ ጊዜ ያደረገ ሰው እንደ ቀድሞው ሆኖ አይቀርም። ለበላይ አለቃው ማስታወሻ የሚጽፍ ወጣት ሹም ከዚህ የተሻለ ልምምድ የት ያገኛል?

በምርጫ ጊዜ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ማኅበሩ እጩዎችን በአንድ መድረክ አቅርቦ በሕዝብ ፊት ያከራክራል። ክርክሩን የምትመራው ሴት ብዙ ጊዜ ከሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ትመጣለች፤ በዚያ ከተማ ድምፅ የማትሰጥ፣ ዘመድ ወዳጅም የሌላት እንድትሆን ነው። ሰዓት ጠባቂዋ ካርድ ታነሣለች፤ ለከንቲባውም ለሱቅ ጠባቂውም ደቂቃው እኩል ነው። ማኅበሩ ይህን ሥራ እስከ ፕሬዚዳንታዊ ክርክር አድርሶታል፤ የ1976ን፣ የ1980ንና የ1984ን አዘጋጅቷል። በ1976 በፊላዴልፊያ ፕሬዚዳንት ፎርድና ሚስተር ካርተር ሲከራከሩ የድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ፣ ሁለቱ ሰዎች ለ27 ደቂቃ ያህል በየቆሙበት ዝም ብለው ቆዩ። ለታዛቢ የሚሰጠው የዝምታ ትምህርት ለእጩዎችም ደረሳቸው ብንል ይቅር ይባልልን።

የመሪነቱ እውነተኛ ፈተና የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በ1980 ከሁለቱ ፓርቲዎች ውጭ የተወዳደሩት ጆን አንደርሰን በሕዝብ አስተያየት መለኪያ ማኅበሩ የወሰነውን 15 በመቶ ስላገኙ ተጋበዙ፤ ፕሬዚዳንት ካርተር ግን እርሳቸው ካሉበት አልመጣም አሉ። ማኅበሩ ደንቡን ለፕሬዚዳንቱ ሲል አላጠፈም፤ ክርክሩ በባልቲሞር በአንደርሰንና በሬገን መካከል ተደረገ። ኋላ የአንደርሰን ድጋፍ ከ15 በመቶ በታች ሲወርድ ካርተርና ሬገን በክሊቭላንድ ተገናኙ። በ1987 የሁለቱ ፓርቲዎች መሪዎች ክርክሩን የሚያዘጋጅ የራሳቸውን ኮሚሽን አቋቋሙ። በ1988 ደግሞ የሚስተር ቡሽና የሚስተር ዱካኪስ የምርጫ ዘመቻ ሰዎች በምስጢር የተስማሙበትን 16 ገጽ ውል አምጥተው ለማኅበሩ ሰጡት፤ ጠያቂዎቹን፣ ተመልካቹን፣ የጋዜጠኞቹን አቀማመጥ ሳይቀር የሚወስን ነበር። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ናንሲ ኒውማን ይህ መራጩን ሕዝብ ማታለል ነው ብለው በኦክቶበር 3 ቀን ማኅበራቸው መውጣቱን አስታወቁ።

ይህ ውሳኔ ብዙ አስከፍሏል። የአገሪቱን ትልቁን መድረክ የፓርቲዎቹ ኮሚሽን ወሰደው፤ ማኅበሩም እስከ ዛሬ አልተመለሰበትም። በ2024 ደግሞ ሁለቱ እጩዎች ኮሚሽኑን ራሱን ትተው ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጋር በቀጥታ ተዋዋሉ። አንዳንዶች ማኅበሩ ውስጥ ሆኖ ቢታገል ይሻል ነበር ይላሉ። በበኩላችን ግን የውሉን ቃል ተቀብሎ ስሙን ማዋስ ከመድረኩ የበለጠ ነገር ያሳጣው ነበር ብለን እናምናለን፤ ሊያስተምር የሚችለው እንዲህ ያለው ስም ስላለው ብቻ ነበርና።

ነገር ግን ማኅበሩን ስናመሰግን ጉድለቱን ብንደብቅ እርሱ ያስተማረንን መካድ ይሆናል። በደቡብ ግዛቶች ጥቁር አሜሪካውያን የመራጭነት ምዝገባ በማንበብ ፈተናና በማስፈራራት ሲከለከሉ፣ በዘመኑ ከሁሉ ይልቅ ስለ መራጮች የሚናገረው ይህ ማኅበር ሊናገር የሚገባውን ያህል አልተናገረም። በ2018 የማኅበሩ ብሔራዊ መሪዎች ራሳቸው ይህን በጽሑፍ አምነዋል፤ አድልዎን የሚቃወም የመጀመሪያ አቋም የተያዘው በ1966 መሆኑንም ገልጸዋል። የመምረጥ መብት ሕጉ ግን በ1965 ወጥቶ ነበር!

ሥራውን በዚያ ዘመን ሌሎች ሠሩት። በሳውዝ ካሮላይና በጆንስ ደሴት፣ አውቶቡስ እየነዳ ሠራተኞችን ወደ ቻርልስተን ያመላልስ የነበረው ኢሳው ጄንኪንስ ተሳፋሪዎቹን ለፈተናው የሚያስፈልገውን የሕገ መንግሥት ቃል ያስጠና ነበር። በእርሱና የጥቁሮች መብት ማኅበር አባል በመሆናቸው ከመምህርነት ሥራቸው በተባረሩት በሴፕቲማ ክላርክ ጥረት፣ በሃይላንደር ትምህርት ቤትም ርዳታ፣ በጃንዋሪ 7 ቀን 1957 የመጀመሪያው የዜግነት ትምህርት ቤት በአንድ ሱቅ ጓዳ ተከፈተ። ለመምህርነት የተመረጠችው በርኒስ ሮቢንሰን ፀጉር ሠሪ ነበረች። ነገሩ በዕውቀት የተሠራ ነው፤ ፀጉር ሠሪ የነጭ ቀጣሪ ስለሌላት የሚያባርራት የለም፣ ሴቶቹም ይሰሟታል። እርስዋም ለ14ቱ ጎልማሶች ትምህርት ከመስጠቷ በፊት ምን መማር እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው። የራሳቸውን ስም መጻፍ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ፣ የገንዘብ መላኪያ ወረቀት መሙላት አሏት፤ ከዚያው ጀመረች።

ሁለቱን ስናስተያይ አለመወገን ሁለት ዓይነት መሆኑ ይገባናል። በሰዎችና በፓርቲዎች መካከል አለመወገን ዕረፍት የሌለው ሥራ ነው፤ በተበዳይና በበዳይ መካከል አለመወገን ግን ከመቀመጥ አይለይም። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጨዋነት ይመስላሉ። የጋራ ስምምነት እስኪገኝ መጠበቅም፣ ተሰብሳቢዎቹ ሁሉ ከአንድ ሰፈርና ከአንድ ኑሮ ከሆኑ፣ የቀረውን ሰው በር ላይ ማስጠበቅ ይሆናል። ስለዚህ በሥልጠናው ውስጥ «ጉዳዩን አጥንተናል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ከእኛ መካከል የሌለው ማን ነው?» የሚለው ሊጨመር ይገባዋል እንላለን።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ አገር የሚያገኝ ማኅበር በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ተከልክሎ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይህን ክልከላ አስቀርቷል። በ2013ቱ ምርጫም የሲቪል ማኅበራት ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ እየተቀበሉ የመራጮች ትምህርት ሰጥተዋል። የሚቀረው ከምርጫ እስከ ምርጫ ባለው ረጅም ጊዜ የሚሠራው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ሆኖ እንዲከናወን ያዛል። ቢሆንም አንዲት ተማሪ ደብተሯን ይዛ በወረዳ ምክር ቤት ስብሰባ በኋላ ወንበር ልቀመጥ ብትል፣ ከበሩ ላይ የሚገጥማት የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ላከሽ?» የሚል ሳይሆን አይቀርም። ማኅበሯ ለዚህ ጥያቄ መልስ አስቀድሞ ሊያስጠናት ይገባል፤ መልሱንም ከአፏ ይልቅ አባሎቹ ከኪሳቸው ባወጡት መዋጮ ደረሰኝ ላይ ብታሳይ ዘበኛው ቶሎ ያምናታል።