ሊብሬ ነው የምንገዛው ወይስ መኪና?

አጎቴ ፎርድ ፋልከኑን ሊሸጥ ወሰነ። ሶዶ ውስጥ እሷን የማያውቅ የሰፈራችን ልጅ የለም። ስድስት ሲሊንደር፣ ማርሿ መሪዋ ላይ፣ ቀለሟ ከፋብሪካ እንደወጣች። ጋሼ ዘይት የቀየረበትን ቀን ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፋል።

ደላላው መጣ። ኮፈን አላስከፈተም፣ ደብተሩንም አላየም። የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ «ሊብሬዋ ንጹህ ነው? ነዳጅ ስንት ትጠጣለች?» ከዚያ ምክሩን ለገሰ፦ «ጋሼ፣ የቶዮታ ሞተር ያስገጥሙላትና ቀለም ያስረጯት፤ ቶሎ ትሸጣለች።»

እኔን ያናደደኝ ዋጋው አይደለም። ያናደደኝ ሁላችንም ዝም ብለን የተቀበልነው ነገር ነው፦ መኪናውን ለጠበቀም ላልጠበቀም ዋጋው አንድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ አገልግሎ ከውጭ በሚገባ አውቶሞቢል ላይ እንደ ሞተሩ መጠን እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። አገር ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ፍሬን ያለውም የሌለውም፣ አብሮ ተወደደ። ዕቃ በጠፋበት ገበያ ደግሞ ማን ይመረምራል?

«አሮጌ ናት፤ መለዋወጫ ከየት ይመጣል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ፋልከን አሜሪካ ውስጥ መመረት ካቆመች ከ50 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ነዳጅም ትወዳለች። ለዚህ ዋጋዋ ይቀነስ፣ አልቃወምም። ግን መቀነስ የሚያውቅ ገበያ መጨመርም ይወቅ!

የወላይታ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ለጊፋታ ሰንጋ የሚገዛ ሰው ዓመቱን ሙሉ የቆጠበውን ብር ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው። ሻኛውን ይዳስሳል፣ ጎኑን ይጨብጣል፣ ምን ሲበላ እንደከረመ ይጠይቃል። በደንብ ለተቀለበ ይጨምራል። የቀላቢው ድካም ስለሚከፈል ለከርሞም ይቀልባል። መኪና የሚጠብቅ ሰው ግን ምን ብሎ ይጠብቅ? ማንም የማይከፍልበትን ፍሬን ማን በጊዜው ይቀይራል? በዚያ ፍሬን ቁልቁለት የሚወርዱት ደግሞ ልጆቻችን ናቸው።

ስለዚህ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ መካኒክ ይዛችሁ ሂዱ። ኮፈን አስከፍቱ፣ ደብተር ጠይቁ። ደብተር ላለው ጨምሩ፤ ለሌለው ቀንሱ። ደላላው ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ፋልከን እስካሁን አልተሸጠችም። ጋሼ ለደላላው የሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ «ሞተሯን ከምቀይር ደላላ ብቀይር ይሻለኛል።»