የዓሣው ጉዳይ የባሕር ዳር ብቻ ነውን?

«ዓሣ የባሕር ዳር ሰው ጉዳይ ነው፤ እኛ ደገኞቹን ምን አገባን?» የሚል አነጋገር በዳንግላም ሆነ በእንጅባራ ይሰማል። ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ይመስላል። እንጅባራ ላይ ቆሞ ጣናን ማየት አይቻልም። የአዊ ገበሬ የሚያውቀው ድንቹን፣ ገብሱንና ጤፉን ነው፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዲከረንስ ተክሎ ከሰል ማክሰሉን። ውሃው ግን ይህን ድንበር አያውቀውም። የዳንግላን ምድር የሚያጥበው ኪልቲ ወደ ግልገል ዓባይ ይገባል፤ ግልገል ዓባይ ደግሞ ጣናን ከሚመግቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁ ነው።

ለመሆኑ በክረምት በዚህ ውሃ ውስጥ ምን ይከናወናል? ሳይንቲስቶች ላቢዮባርበስ የሚሏቸው፣ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኙ 15 ያህል የዓሣ ዝርያዎች አሉን። ከእነዚህ በርካታዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ከሐይቁ ወጥተው ወንዝ ሽቅብ ይጓዛሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ወራጅ ውሃና ጠጠር ነው፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በጠጠሩ መካከል ነውና። ጭቃ ከሸፈነው እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። ጉዞውን ከመጀመራቸው በፊት በወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። አጥማጁም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ መረቡን የሚዘረጋውም እዚያው አፉ ላይ ነው። እንቁላል የተሸከመችው ዓሣ ሳትጥል ትያዛለች። ለመራባት ለመድረስ ዓመታት የሚፈጅበትን ፍጡር በዚያች በአንዲት ሳምንት ማጥመድ፣ ዘሩን ከጎተራ አውጥቶ እንደ መብላት ነው።

ውጤቱም ታይቷል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ጣና ገባ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ዝርያዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መመናመኑን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በፊሊፒንስ የላናኦ ሐይቅም የዚህ ዓይነት የዓሣ ቤተሰብ ነበረው። ዛሬ አብዛኛው የለም።

ከመረቡ የባሰ ደግሞ አለ፤ ብርብራ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ይበተናል፣ ዓሣው መተንፈስ ተስኖት ይንሳፈፋል። ትልቁ ይለቀማል፤ ጫጩቱና እንቁላሉ ለማንም ሳይጠቅም እዚያው ይበሰብሳል። ይህን «የአባቶቻችን ዘዴ ነው» ብለው የሚከራከሩ አሉ። አባቶቻችን በዚህ ቁጥር አልነበሩም፤ ዓሣውንም ጭኖ ወደ ገበያ የሚወስድ መኪና አልነበራቸውም።

ሕግ የለም እንዳይባል በ1995 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል፤ ክልሉም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ጭብጨባው ደማቅ ነበር። ይሁንና አዋጁን ያነበበ የቀበሌ ሹም ስንት ነው?

በአሜሪካ ፍሎሪዳ የባሕር ኤሊ በሌሊት ወጥታ እንቁላሏን በአሸዋው ትቀብራለች። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ብርሃን ወደሚታይበት ይሮጣሉ፤ ብርሃኑ ድሮ የባሕሩ ነበር፣ ዛሬ ግን የሆቴል መብራት ሆኖ ወደ መንገድ እየወሰደ በመኪና ያስፈጫቸዋል። ስለዚህ በርካታ ከተሞች በመራቢያው ወራት በባሕሩ ዳር ያለው መብራት እንዲጠፋ፣ እንዲከለል ወይም እንዲደበዝዝ ደነገጉ። ሆቴሎቹ አልተዘጉም፤ እንግዶቹም አልቀሩም። የተጠየቀው ነገር በተወሰነ ቦታ፣ ለተወሰኑ ወራት እጅን መሰብሰብ ብቻ ነው። ከእኛም የሚፈለገው ከዚህ አይበልጥም።

«ለዓሣ ተብሎ ሰው ይራብ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን በፌዝ የሚታለፍ አይደለም። በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን አብዛኞቹ መሬት የላቸውም። ኑሯቸው ሐይቁ ነው። ክልከላው በእነርሱ ላይ ብቻ ወድቆ ባለ ሞተሩ የሚታለፍ ከሆነ ግፍ ነው፤ እኛም አንደግፈውም። ነገር ግን ዓሣው ሲያልቅ መጀመሪያ የሚራበው ማን ነው? ባለ ሞተሩ ጀልባውን ሸጦ ሌላ ንግድ ይጀምራል። ባለ ታንኳው ወዴት ይሄዳል? ስለዚህ የሚዘጋው የወንዙ አፍ እንጂ ሐይቁ አይሁን፤ ለእነዚያ ወራትም መንግሥት ለባለ ታንኳው የሚተዳደርበትን ሥራ ያዘጋጅ።

በሜጫ 7 ሺህ ሄክታር ለማልማት የተሠራው የቆጋ ግድብ ለገበሬው ጠቅሟል፤ ይህን የሚክድ የለም። ወንዝ ሽቅብ ለሚሄደው ዓሣ ግን ግድግዳ ነው። ወደፊት በግልገል ዓባይ ገባሮች ላይ የሚታሰብ ግድብ ካለ መሐንዲሶቹ ስለ ዓሣው መተላለፊያ ቀድመው ይጠየቁ።

በአዊ በኩል ያለው ሥራ ግን ግድብም በጀትም አይጠብቅም። ብርብራን ማስቆም፣ የወንዝ ዳሩን እስከ አፋፉ አለማረስ፣ ጠጠሩን በክረምት አለመዛቅ ነው። ለዚህ አዲስ ኮሚቴ ማቋቋም አያሻም፤ ኮሚቴ ሰልችቶናል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየቀበሌው አባላት ያሉት፣ ጠብ የሚያበርድና ዳኝነቱ የሚከበር ማኅበር ነው። ወንዝ የመረዘውን ሰው ማኅበሩ ራሱ ጠርቶ ቢጠይቀው ከፖሊስ ክስ ይልቅ ይፈራል። ጥር 23 ፈረሱ ተሸልሞ በእንጅባራ ሜዳ ሕዝብ ሲሰበሰብ ጉዳዩ በዚያው ይነሣ፤ ከሐምሌ በፊትም በኪልቲ ዳር ባሉት ቀበሌዎች ሁሉ ይለፈፍ።